እሜቴ ቬርሊንና የኦተር ወንዝ ድልድይ

በየትኛውም ካውንቲ ይሁን፣ በየትኛውም ዘመን፣ መንገድ የሚሠራው በሦስት ነገር ነው፤ በጠጠር፣ በሲሚንቶና "ቆይ አንዴ!" በምትል አንዲት ሴት። ጠጠር ቢጎድል ከጎረቤት ይገዛል። ሲሚንቶ ቢዘገይ ይጠበቃል። ሴትየዋ ከሌለች ግን አንድም መንገዱ አይጀመርም፣ አንድም ተጀምሮ ሁላችንም ጠበቃ ፍለጋ እንወጣለን። አንዳንድ ካውንቲ ውስጥ ይህች ሴት ወንድ ሆና አጋጥማኛለች፤ ከጢሙ በቀር ልዩነት አላየሁባትም።

የኛዋን አንድ ጊዜ ማዕረጋቸውን አሟልቼ ልጥራቸው፦ ክብርት እሜቴ ቬርሊን ኩቢቼክ፣ የሊንደር ካውንቲ መንገድ ክፍል ጸሐፊ፣ የፌዴራል ገንዘብ ዘበኛ፣ የሦስት ቅጂ እመቤት፣ የሰማያዊ እስክሪብቶ ደመኛ። ከዚህ በኋላ እንደ ልማዴ አንቺ እላታለሁ፤ አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው የተማርነው። ቢሮዋ ከፍርድ ቤቱ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከማሞቂያው ምድጃ ጎን ነው። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ቦክስ ፋይል ነው። የእንግዳ ወንበር የላትም። "እንግዳ ከተቀመጠ ያወራል፣ ካወራ ቃል ይገባል፣ ቃል ከገባ የማጸዳው እኔ ነኝ" ትላለች።

እኔ በካውንቲው ቦርድ አሥራ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ፤ በጎን ደግሞ በሳምንታዊ ጋዜጣችን ላይ ይህችን ዓምድ እጽፋለሁ። ቦርድ ስገባ የፌዴራል ገንዘብ እንደ ዝናብ ከላይ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። ዋሽንግተን ከመቶው ሰማንያውን ይሰጣል፣ እኛ ሃያውን እንጨምራለን፣ ድልድይ ይሠራል፣ ሪባን ቆርጠን ፎቶ እንነሳለን። ቬርሊን በመጀመሪያው ማክሰኞ ስብሰባዬ ላይ ይህን ሕልም ከዓይኔ ጠረገችው። መጀመሪያ የምታወጣው አንተ ነህ። ከኪስህ አውጥተህ፣ ደረሰኝህን ይዘህ፣ "ይተካልኝ" ብለህ ትጠይቃለህ። የሚተካልህ ደግሞ ሥራው በግዛቱ እቅድ ላይ ስሙ ሰፍሮ፣ የአካባቢ ጥናቱ አልቆ፣ መሬቱ በሕጉ መሠረት ተገኝቶ፣ "ጀምሩ" የሚል ደብዳቤ ከመጣ በኋላ ያወጣኸው ብቻ ነው። ደብዳቤው ሐሙስ ከመጣ የረቡዕ አካፋ የራስህ ነው።

ሕጉ ሌላም ይላል። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ በኃላፊነት መቆም አለበት፤ ያ ሰው ደግሞ የግዛታችን ዋና ከተማ ሊንከን ድረስ ሄዶ ሠልጥኖ ፈተና ማለፍ አለበት። በካውንቲያችን ያን ፈተና ያለፈች ቬርሊን ብቻ ናት። ስለዚህ እሷን ጉንፋን ሲይዛት መሐንዲሱም፣ ኮንትራክተሩም፣ ቦርዱም ሻይ ከነማሩ ይዘን በሯ ላይ እንሰለፋለን።

አነጋገር አላት፦ "ፋይሉ ውስጥ ከሌለ አልተደረገም።" ይህን የማትልበት ጉዳይ የለም። የእህቷ ልጅ ያገባች ዕለት ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ ቬርሊን ቄሱ መዝገቡን እስኪያስፈርሙ ድረስ እጇን አጣጥፋ ቆየች ይባላል። ሐሜት እንዳይመስላችሁ፣ እዚያው ነበርኩ፤ እውነት ነው።

መሐንዲስ የመረጥንበትን ቀን መቼም አልረሳውም። እኛ ነብራስካ ውስጥ በሬ ስንገዛም፣ ጣሪያ ስናስጠግንም፣ ሬሳ ሣጥን ስናዝም እንኳ ከአፋችን መጀመሪያ የሚወጣው "ስንት?" የሚለው ነው። ፌዴራሉ ግን መሐንዲስን በዋጋ አትመርጥም ይላል። መጀመሪያ በችሎታው ምረጥ፣ ዋጋውን ከዚያ በኋላ ተነጋገር። ይህን ለዱዌይን ፔልካ ማስረዳት ማለት ውሻን ከአጥንት ማፋታት ነው። ዱዌይን የቦርድ ባልደረባዬ ነው፤ አርባ ዓመት በከብት ጨረታ ላይ ቆሞ የኖረ ሰው። መሐንዲሱ ገብቶ ስለ ሙያው ሲያስረዳ ዱዌይን ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል። በመጨረሻ አልቻለም።

"ጥሩ ነው ወንድሜ፣ ጥሩ ነው" አለ። "ለመሆኑ ይሄ ነገር..."

ቬርሊን ኡህ ኡህ ብላ ሳለች።

"ማለቴ፣ ወደ ምን ያህል..."

አሁንም ሳለች። ዱዌይን አፉን በከፈተ ቁጥር እየሳለች ሦስቱንም መሐንዲሶች አስጨረሰችን። የመጨረሻው ሰውዬ ሲወጣ "ሴትየዋ ሐኪም ይያት" ብሎ መከረን። ዱዌይን እስከ ዛሬ በሕይወቱ ዋጋ ሳይጠይቅ የገዛው ነገር ያ መሐንዲስ ብቻ እንደሆነ ይናገራል፤ ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጣል።

የብሎኑስ ነገር? አንድ ኮንትራክተር ለሰሜኑ ድልድይ አንድ ሣጥን ብሎን አመጣ። ፌዴራሉ ደግሞ ብረቱ ከቀለጠበት ጀምሮ እዚሁ አገር የተሠራ ይሁን፣ ማስረጃውም ይቅረብ ይላል። ሣጥኑ ውስጥ ብሎን እንጂ ወረቀት አልነበረም።

"የት ቀለጠ?" አለችው ቬርሊን።

"ምኑ?"

"ብረቱ ነዋ። የት አገር ነው የቀለጠው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ እሜቴ! ብሎን እኮ ነው!"

ሣጥኑ ላይ ቁጭ አለችበት። ምሳዋን እዚያው በላች። መኪናው መጥቶ ጭኖ እስኪመልሰው አልተነሳችም፤ ኮንትራክተሩም እሷን ከነሣጥኗ ከማንሳት ሌላ ብሎን መግዛት እንደሚቀለው ገባው።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ናት የኦተር ወንዝን ድልድይ የያዘችው።

ወንዝ የምንለው ለአክብሮት ነው፤ በኦገስት ዶሮ በእግሯ ትሻገረዋለች። በጸደይ ግን ይሞላል። ድልድዩ አያቶቻችን የሠሩት ነው፣ ወለሉ እንጨት ነው። መርማሪዎች በየሁለት ዓመቱ መጥተው በመዶሻ ያንኳኩታል፤ ባንኳኩት ቁጥር እንዲሸከም የተፈቀደለት ክብደት ይቀንሳል። መጀመሪያ አሥር ቶን፣ ቀጥሎ ስድስት፣ በመጨረሻ ሦስት። ሦስት ቶን ማለት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የለም፣ የእሳት አደጋ መኪና የለም፣ አምቡላንስ የለም ማለት ነው። ከማዶ ያሉት አሥራ አንድ ቤቶች ዙሪያ ጥምጥም አሥራ አራት ማይል ይኬድላቸዋል።

ከእነዚያ ቤቶች አንዱ የላድ ቶማኔክና የባለቤቱ የሮዛሊ ነው። ሁለቱም ሰባዎቹን ጨርሰዋል። በአንድ የበረዶ ቀን ሮዛሊ ከደረጃ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። አምቡላንሱ ከወንዙ ወዲህ ደርሶ የቤታቸውን ጣሪያ እያየ ዞረ። ላድ አርባ ደቂቃ ወለሉ ላይ ተቀምጦ እጇን ይዞ ጠበቀ። ተርፋለች፤ ከዚያ ወዲህ ግን በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ስለ ድልድዩ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ላድ ከፊት ረድፍ ይቀመጣል፤ አይናገርም፣ ያየናል ብቻ። እውነቱን ለመናገር ያ ድልድይ ለኔ የነሱ ድልድይ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በዐቢይ ጾም፣ ሥጋ በማይበላበት ዓርብ ዓርብ፣ ደብራችን የዓሣ ጥብስ ያዘጋጃል፤ ካውንቲው በሙሉ እዚያ ነው የሚገኘው፤ ግማሹ የካውንቲው ጉዳይም እዚያው ነው የሚያልቀው። ከላድ ጎን ተቀመጥኩ።

"ላድ፣ አዲሱ ድልድይ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዞር ይላል አሉ" አልኩት። "ከማሳህ ጫፍ አንድ ኤከር ከምናምን ሳይነካ አይቀርም።"

"ውሰዱት" አለ ዓሣውን ሳያስቀምጥ።

"እውነትህን ነው?"

"አያቴ የመቃብሩን ቦታ ለደብሩ ሲሰጥ ወረቀት ፈረመ እንዴ? ውሰዱት አልኩህ!"

ተጨባበጥን። የሱም እጅ ዘይት፣ የኔም እጅ ዘይት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እኛ ጋ በእጅ የተጨበጠ ነገር ከማኅተም ይበልጣል፤ ማሳ ተሽጧል፣ ልጅ ተድሯል፣ ጠበኛ ታርቋል። ዱዌይን ከወዲያ ማዶ ሰምቶ "ታዲያ ዛፎቹን ነገ ለምን አናነሳላቸውም?" አለ። በማግስቱ ጠዋት አራት ጎረቤታሞች የሞተር መጋዛችንን ይዘን ወንዙ ዳር ተገኘን። ዶናት ያመጣሁት እኔ ነኝ።

የዱዌይን ሚስት ለቬርሊን ደውላ ኖሯል፤ ለጥቆማ ሳይሆን ለምስጋና፣ "ወንዶቻችን እንዴት ደግ ናቸው" ብላ። ላድ የመጀመሪያውን መጋዝ እንዳስነሳ የቬርሊን አሮጌ መኪና ማሳውን አቋርጣ መጣች። ፀጉሯን በቢጉዲን እንደጠቀለለች ወርዳ ጀርባዋን ለዛፉ ሰጥታ ቆመች።

"አጥፉት!"

"ምኑን?" አለ ዱዌይን።

"መጋዙን ነዋ! አንድ ቅርንጫፍ ከወደቀ ድልድዩም አብሮ ወደቀ። በሕግ የሚጠበቁት የሌሊት ወፎች ጥናት ገና አላለቀም።"

"የምን የሌሊት ወፍ? በዚህ ብርድ የሌሊት ወፍ አለ?"

"መኖር አለመኖሩን ነው የሚያጠኑት!"

ላድ መጋዙን አጠፋ። "ዛፉም የኔ፣ መሬቱም የኔ" አለ። "የገዛ ዛፌን ለመቁረጥ ዋሽንግተንን ላስፈቅድ?"

"ለማገዶ ከሆነ ይቁረጡት አቶ ላድ። ለድልድዩ ብለው ከቆረጡት ግን ሥራው ተጀመረ ማለት ነው፤ ሳይፈቀድ የተጀመረ ሥራ ደግሞ የፌዴራል ሳንቲም አያይም።" ከዚያ ዓይኗን ወደ እኛ አዞረች። "ለመሆኑ መሬቱን ማን ነው የጠየቃቸው?"

ዱዌይን ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። አርባ ዓመት የተዋወቅን ሰዎች ነን።

ወደ መኪናዋ ወስዳ በር ዘጋችብኝ።

"ስታን፣ ምን አደረግክ?"

"ጨበጥኩት።"

"በቦርድ አባልነትህ?"

"በዓሣ ተመጋቢነቴ።"

አልሳቀችም። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አለችኝና አስረዳችኝ። ጥናቱ ሳያልቅ ለድልድዩ መሬት አይጠየቅም። ሲጠየቅም የመጀመሪያው ቃል በጽሑፍ ነው፤ ይህን መሬት በነጻ የመስጠት ግዴታ የለብህም፣ ተገምቶ የሚገባህ ይከፈልሃል የሚል። ይህን ሰምቶ "ግድ የለም፣ ልስጥ" ካለ ይስጥ። "ሳያውቅ የሰጠ ሰው አልሰጠም" አለችኝ፤ "ተወስዶበታል።"

"ላድ እኮ ያውቃል!"

"ፋይሉ ውስጥ ከሌለ አያውቅም።"

ሰኞ ዕለት ምድር ቤት አስቁማ አንድ ገጽ አስጻፈችኝ። እኔ የቦርዱ አባል፣ ያለ ሥልጣኔ፣ በተጠበሰ ዓሣ ማዕድ ላይ፣ የአቶ ላዲስላቭ ቶማኔክን እጅ መጨበጤን፣ ጭበጣውም ካውንቲውን የማያስገድድ መሆኑን አረጋግጣለሁ። በጥቁር እስክሪብቶ ፈረምኩ። ከሐፍረቴ ይልቅ ንዴቴ ይበልጥ ነበር፤ ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ "ያቺ ሴት ደም የላትም" ብያለሁ።

ሰባት ወር ቆይቶ ጥናቱ አለቀ። በወንዙ ዳር አንድም የሌሊት ወፍ አልተገኘም። የተገኘው አንዱ በፍርድ ቤቱ ምድር ቤት፣ ከቬርሊን ቦክስ ፋይሎች ኋላ ነው፤ እሷም ፈቃድ ያለው ይመስል ዝም አለችው።

ከዚያ በኋላ ነው ጉድ የፈላው። ገማቹ መሬቱን አየ፣ ዋጋው ተጻፈ፣ ቬርሊን ወረቀቷን ይዛ ወደ ላድ ሄደች። ላድ በረቱ በር ላይ አስቁሞ መለሳት። እንደገና ሄደች፤ እንደገና መለሳት።

"ሰጥቻለሁ ብያለሁ" አላት። "የሰጠሁትን ተመልሳችሁ መጥታችሁ 'ስንት ይሁንልህ?' ስትሉኝ ስድብ ነው። ወይ በጨበጥኩት ውሰዱ፣ ወይ ተዉት።"

የመሬቱ ማረጋገጫ በኖቬምበር አጋማሽ፣ ዓርብ ዕለት ሊንከን መድረስ ነበረበት። ካልደረሰ የጃንዋሪው ጨረታ ያመልጠናል፤ ተራችንን ሌላ ካውንቲ ይወስዳል፤ ድልድዩ ቢያንስ አንድ ዓመት ይገፋል። በሮዛሊ ዳሌ ላይ ሌላ የበረዶ ወራት ማለት ነው። ከተማው በሙሉ በቬርሊን ላይ ተነሳ። ነዳጅ ማደያው ጋ ስትገባ ወሬ ይቋረጣል። ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ መንገድ የሚለቁላት በጣም በፍጥነት ነው። ማክሰኞ በቦርዱ ስብሰባ ላይ ዱዌይን ፈነዳ።

"ቅጹ ላይ አንዲት ምልክት ማድረግ እኮ ነው! 'ተነግሮታል' በይና ላኪው! ማን መጥቶ ያየዋል?"

እኔም አገዝኩት፤ አልክድም። "ቬርሊን፣ እባክሽ ሮዛሊን አስቢያት" አልኳት።

"እሷን እያሰብኩ ነው" አለች፣ ወረቀቷንም ሰብስባ ወጣች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ "ምስክር እፈልጋለሁ" ብላ ወሰደችኝ። በዚህ ጊዜ ወደ በረቱ አልሄደችም፣ ቀጥታ የቤቱን በር አንኳኳች። የከፈተችው ሮዛሊ ናት። ላድ ወጥ ቤት ገበታው ላይ እጁን አጣጥፎ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሮዛሊ በምርኩዟ እየተደገፈች መሐሉ ፕለም ያለበት ኮላቼ የሚባል ጣፋጭ ዳቦ አቀረበች። ቬርሊን አልተቀመጠችም፣ ወረቀቷን አወጣች።

"ይህን የማነበው ለመሬቱ ባለቤቶች ነው" አለች። "ላዲስላቭ ቶማኔክ እና ሮዛሊ ቶማኔክ፣ ባልና ሚስት።"

አነበበች። አንድም ቃል አልዘለለችም። ላድ መስኮቱን ያያል፣ እኔ ኮላቼውን አያለሁ። ሮዛሊ ግን ምርኩዟን ይዛ እንደቆመች ታዳምጣለች። ንባቡ ገማቹ ያስቀመጠው ቁጥር ላይ ሲደርስ እጇን አነሳች።

"ቆይ አንዴ" አለች ሮዛሊ። "ይከፈላል?"

"ይከፈላል።"

"ለማን?"

"ለባለቤቶቹ።"

"እኔ ባለቤት ነኝ?"

"ስምዎ ከሠርግዎ ማግስት ጀምሮ መዝገቡ ላይ አለ፤ አይቼ ነው የመጣሁት።"

ላድ ዞረ። "ሮዚ፣ እኔ እኮ ሰጥቻለሁ።"

"አንተ ሰጥተሃል። እኔን ማን ጠየቀኝ?"

"ተይ እንጂ! አያቴ የመቃብሩን ቦታ..."

"አያትህን ተዋቸው፣ አርፈው ይተኙ! እኔ ታች ቤት መታጠቢያ ነው የምፈልገው።" ምርኩዟ ወለሉን መታ። "ሃምሳ ዓመት ገላዬን ለመታጠብ ደረጃ ወጥቻለሁ። ከዚያው ደረጃ ነው የወደቅኩት። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እያንዳንዷን እርከን በቂጤ ነው የምወርደው። ታች ይሠራልኝ ባልኩህ ቁጥር የበቆሎ ዋጋ ሲሻሻል ትለኛለህ። የበቆሎ ዋጋ ተሻሽሎ ያውቃል?"

ግዙፉ ላድ ወንበሩ ላይ ሲያንስ አየሁት። በቂጧ እንደምትወርድ አያውቅም ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በረት ነው የሚውለው።

"ለምን እንዲህ ብለሽ አልነገርሽኝም?" አላት ቀስ ብሎ።

"ማን እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል?"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አምቡላንስ እንዲደርስላት ብዬ ስሮጥ የዚህችን ሴት መታጠቢያ ቤት በአንድ ቁራሽ ዓሣ ሸጬባት ነበር፤ መሸጥ እንኳ አይደለም፣ በነጻ ነው የሰጠሁት። ዛፉ ጋ የቆመችው፣ ከተማው ያኮረፋት፣ ደም የላትም ያልኳት ሴት ግን ገና ከጅምሩ መዝገቡ ላይ ሁለት ስም አይታ ነበር። እኔ አንድ እጅ ነው የጨበጥኩት።

ላድ ጉሮሮውን ጠረገ። "የኔን ድርሻ ሰጥቻለሁ" አለ። "ቃሌ ቃል ነው። የሷን ይክፈሏት።"

ቬርሊን ወረቀቶቿን አገላበጠች። ከዚያ እንደ ሙሽራ ፊቷ በራ።

"ለግማሽ ስጦታ የሚሆን ቅጽ የለኝም" አለች።

እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ከግድግዳው ስልክ ላይ ሊንከን ደወለች። ሃምሳ ደቂቃ አወራች፤ አንቀጽ በቁጥር እየጠራች፣ አንዴም "አይ የኔ ጌታ፣ የሚቀጥለውን ገጽ ያንብቡት" ስትል ሰምቻታለሁ። ስልኩን ዘግታ ሁለቱን ወረቀት በእጇ አዘጋጅታ አስፈረመቻቸው፤ የሱን ለስጦታ፣ የሷን ለሽያጭ። እኔ በምስክርነት ፈረምኩ። ያኔ ነው ወንበር ስባ የተቀመጠችው። ሦስት ኮላቼ በላች። ሮዛሊ አራተኛ ስትጨምርላት ላድ "ለመሆኑ ይሄ መታጠቢያ የት ጋ ነው የሚሆነው?" ብሎ በእግሩ ወለሉን መለካት ጀምሮ ነበር።

ፖስታ ቤቱን ስለማታምን ማረጋገጫውን ዓርብ ጠዋት ራሷ ዘጠና ማይል ነድታ አደረሰችው፤ የተቀበላትንም ሰው ሰዓቱን ጭምር አስጻፈችው። ጨረታው በጃንዋሪ ወጣ። በጋውን ሙሉ ቬርሊን የራስ ቁሯን ደፍታ ከሠራተኛ ሠራተኛ እየዞረች "ስንት ይከፈልሃል? የምትሠራው ምንድን ነው? ይህን ማንም ሳያስፈራራህ ነው የምትነግረኝ?" እያለች ስትጽፍ ከረመች፤ ይህም ሕግ ነው። አንዱ ወጣት ብረት አሳሪ በስህተት የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ሲከፈለው መክረሙ ተገኝቶ ልዩነቱ ተመለሰለት። በገና ካርድ ላከላት፤ ካርዱንም ፋይል አድርጋዋለች ብዬ እጠረጥራለሁ።

ድልድዩ በኦክቶበር ተከፈተ። መጀመሪያ የተሻገረው የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ነው፤ ልጆቹ በመስኮት እየጮኹ አለፉ። ዱዌይን የቦርድ አባላት ስም ያለበት የነሐስ ጽሑፍ እንዲለጠፍ ጠይቆ ቬርሊን አንድ ጊዜ ስላ ጉዳዩን ዘጋችው። ሮዛሊ ዘግይታ መጣች። ላድ መኪናውን አቁሞ ደግፎ አወረዳት። ፀጉሯ ገና እርጥብ ነበር። ያገኘችውን ሰው ሁሉ፣ መሐንዲሱንም ጭምር፣ "ይቅርታ፣ ገላዬን ታጥቤ ነው የቆየሁት" ትላለች፤ ማንም ለምን ዘገየሽ ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

ቬርሊን በሚመጣው ዓመት ጡረታ ትወጣለች። እኔ በምርጫው አልተወዳደርኩም፤ ከቦርዱ ወጥቼ፣ በመንገድ ክፍሉ ተቀጥሬ፣ በስልሳ አምስት ዓመቴ ሊንከን ሄጄ ፈተናውን ተፈተንኩ። አንዴ ወደቅኩ። ሁለተኛውን በአንድ ነጥብ አለፍኩ። ሰዎች "በስተርጅና ምን ነካህ?" ይሉኛል። ያቺን ሴት እወዳታለሁ፤ ባለቤቴም ታውቃለች፣ እሷም ትወዳታለች። ያ ምድር ቤት ያለ ሰው ጨልሞ እንዲቀር አልፈልግም።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያ ሥራዬን ሰጠችኝ፤ በደቡቡ መንገድ ላይ አንዲት ጠባብ የማሳ ጠርዝ። ጥናቱ አልቋል፣ ግምቱ ተጽፏል፣ መዝገቡን ሦስቴ አይቼዋለሁ። ቬርሊን መኪናው ውስጥ ሞተሩን ሳታጠፋ ቀረች፤ "ብቻህን ሂድ፣ እኔ አልስልልህም" አለችኝ። በሩን አንኳኳሁ። እጇ በሊጥ የተለቀለቀ ሴት ከፈተች፣ ወረቀቴን አየች፣ ወደ ማሳው ጠቆመች።

"ስለ መንገዱ ከሆነ ባለቤቴ ትራክተር ላይ ነው" አለችኝ። "እሱን ጠብቀው።"

ባርኔጣዬን አወለቅኩ።

"እሱንም አናግረዋለሁ" አልኳት። "መጀመሪያ ግን አንቺን ፈልጌ ነው የመጣሁት።"